ስፓኒሽ በራስ ጥረት፦ ኮርሶችን ማደባለቅ ያዋጣል ወይስ አንዱን ይዞ መጨረስ?

ጣናዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ወገን። ስፓኒሽ በራሴ እየተማርኩ ነው። ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ዘጌ ገዳማትና ጢስ ዓባይ ላይ ከስፔን የመጡ እንግዶች ያጋጥሙኛል። እንግሊዝኛ ላይ ብዙዎቹ ከእኔ አይሻሉም። በሁለት ሰባራ እንግሊዝኛ መሀል የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕል ማስረዳት ምን ማለት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

አስተማሪ ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ስልኬ ላይ ያልጫንኩት ነገር የለም። ዱኦሊንጎ አለ። ላንጉጅ ትራንስፈር የሚባለው ነፃ የድምፅ ኮርስ አለ። ፒምስለር የሚባለው የድምፅ ኮርስ አንደኛ ደረጃ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ለዲፕሎማቶቹ ያዘጋጀው የኤፍኤስአይ መጽሐፍም ከነድምፁ አለ። ቃል የሚያስጠናው አንኪም አለ።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ጋ ጀማሪ ነኝ። ሁሉም ጋ ቡና አዝዣለሁ፣ ሁሉም ጋ ከየት እንደመጣሁ ተናግሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ፈቀቅ የለም። ማደባለቁን ትቼ አንዱን ልጨርስ? ወይስ አደባለቁ ዘዴ አለው? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

እንጅባራ07

አንዱን ያዝ፣ ሌላውን አጥፋ። ኮርስ ማውረድ መማር አይደለም ወንድሜ። ሲወርድ ደስ ይላል፣ በቃ።

ቆሎ

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል” ይላል ያገሬ ሰው። ጣናዳር ግን አምስት ባላ ተክሎ አንዱም ላይ አልተንጠለጠለም።

የፍኖቷ (ፍኖተ ሰላም)

ጣናዳር፣ እኔ የማደባለቅ ወገን ነኝ። የእንጅባራው ወንድማችንም ግን እውነት አለው። ማደባለቅ ማለት አምስት ጊዜ መጀመር አይደለም። አንዱ ኮርስ ዋና ይሆናል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምትሄደው በእሱ ነው። ሌሎቹ ዋናው የማይሠራውን ሥራ ይሠራሉ። ሥራ የሌለው ይሰናበታል።

ላንጉጅ ትራንስፈርን ካልጨረስከው መጀመሪያ እሱን ጨርስ። 90 አጫጭር ትምህርት ነው። ነፃ ነው፣ የሚጻፍም ነገር የለውም። አስተማሪው አንድ ተማሪ ይጠይቃል፤ አንተ ድምፁን አቁመህ ከተማሪው በፊት ትመልሳለህ። ማቆሙን ከተውከው ሬዲዮ እየሰማህ ነው ማለት ነው። ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚገነባ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሃል። ቃል ግን ብዙ አይሰጥህም፣ ጆሮህንም አይከፍትልህም።

ፒምስለር በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። አንዱ ትምህርት ግማሽ ሰዓት ነው። ቃሉን ይሰጥህና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠይቅሃል፣ ከዚያ ከደቂቃዎች በኋላ፣ ከዚያ በሌላ ትምህርት። እያራራቀ መጠየቁ ነው ምስጢሩ። አፍ ያፍታታል። ግን ቃሉ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። የላቲን አሜሪካው ስፓኒሽ አምስት ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱ 30 ትምህርት። አንደኛው ካለህ እሱን ሥራበትና ተወው፤ የቀረው ለገንዘቡ አይመጥንም ባይ ነኝ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርህ። እነዚህ ኮርሶች በሙሉ የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ዱኦሊንጎ ራሱ ከአማርኛ ተነስቶ ስፓኒሽ የሚያስተምርበት የለውም። ስለዚህ ለፈረንጁ የሚከብደው ላይ ሲያብራሩ ይውላሉ። አንተ እንግሊዝኛውን ተከትለህ እዚያው አብረህ ትደነቃቀፋለህ። አማርኛህ የፈታውን ነገር በእንግሊዝኛ መልሰህ ታወሳስበዋለህ።

ለምሳሌ “አብሎ” ብቻውን “እናገራለሁ” ነው። “እኔ” ማለት ሳያስፈልግህ ማን እንደተናገረ ግሱ ይነግርሃል። ይሄ ለፈረንጅ አዲስ ነገር ነው። ለአንተ ምኑ አዲስ ነው?

“ኡስቴድ” የሚባለው የአክብሮት መጥሪያም እንደዚያው ነው። ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው እያናገርክ ግሱን የሩቅ ሰው ታደርገዋለህ። ፈረንጅ ግራ ይጋባል። እኛ ግን “እርስዎ ይናገራሉ” ስንል፣ “እሳቸው ይናገራሉ” ከምንልበት ግስ ምን ለየው?

ከሁሉ የሚገርመኝ “ሜ ጉስታ ኤል ካፌ” ነው። መጽሐፉ ሁለት ገጽ ያስረዳል። ቡናው ነው ባለቤቱ፣ አንተ ተቀባይ ነህ ምናምን። ባጭሩ “ቡና ይጥመኛል” ነው። “ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ” ደግሞ “ራሴን ያመኛል” ነው። ለእናቴ ነገርኳት ስትል መጨረሻ ላይ “ት”ን ትደርባለህ አይደል? ስፓኒሽም “ሌ ዲሄ አ ሚ ማድሬ” ሲል “ሌ”ን የሚደርበው ለዚሁ ነው።

ሁለቱ የኃላፊ ጊዜዎችም ሰው እንደሚያስፈራራው አይደሉም። “ፉዊ” ሄድኩ ነው፣ “ኢባ” እሄድ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ልክ ለልክ አይገጥምም፤ ግን ከእንግሊዝኛው መንገድ ይሄ ይሻላል።

ስለዚህ ዘዴው ይሄ ነው። አማርኛ የሚረዳህን ምዕራፍ በሩጫ እለፈው። የቀረህን ጊዜ አማርኛ በማይረዳህ ላይ አውለው። ጠረጴዛ ሴት መሆኗን ማንም አያስረዳህም፤ ቃሉን ከነ“ላ”ው ነው የምታጠናው። ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ይመጣል፣ “ካሳ ግራንዴ” ብሎ። “ፖር” እና “ፓራ”ም አሉ፤ እኔን እስካሁን ያስለቅሱኛል። “ሴር” እና “ኤስታር”ም ልብ ይፈልጋሉ። “ኤስ አቡሪዶ” ካልክ ሰውየው አሰልቺ ነው፣ “ኤስታ አቡሪዶ” ካልክ ሰልችቶታል። እንግዳህ ፊት እንዳትቀያይራቸው።

አንኪ ላይ ካርዱን ስትሠራም በአንድ በኩል አማርኛ፣ በሌላው ስፓኒሽ አድርገው። እንግሊዝኛውን ከመሀል አውጣው። አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው።

ቆሎ

የፍኖቷ፣ አንቺ ግን ኮርስ ክፈቺ። እኔ ደብተሬን በሙሉ በፊደል ነው የጻፍኩት። ኝም አለን፣ ችም አለን፣ ምን ይጎድለናል?

የፍኖቷ

የሚጎድለው ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ነው። “አብሎ” ብለህ ጻፍክ እንበል። ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ከሆነ “እናገራለሁ” ነው። መጨረሻው ላይ ከሆነ “ተናገረ” ነው። ፊደላችን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። “ፔሮ”ም እንዲሁ፤ ረ ሲላላ “ግን”፣ ሲጠብቅ “ውሻ”። ማጥበቅና ማላላት እንኳ ለእኛ ምንም አይደል፣ ገና ልጅ እያለን ለምደነዋል። የጉልበቱ ነገር ግን በጆሮ ነው የሚያዘው። ሌላው ሳድሱ ነው። “ትራባሆ” ስትል ትና ራ መሀል ትንሽ እ ታስገባለህ። ስፓኒሽ አናባቢው አምስት ብቻ ነው፤ ያቺ እ ከመካከላቸው የለችም። በላቲኑ ጻፍ፣ አጻጻፉ ከእንግሊዝኛ በጣም ይቀላል።

የዋሸራው

እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ነኝ። ስለ ኤፍኤስአይ አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ሁሉ አሰልቺ ነው እያለ ስለሚያማው።

እኛ ግዕዝ ስናጠና ስምንት የግስ አርእስት ነው ያለው። ቀተለ፣ ቀደሰ እያለ ይወርዳል። ከዚያ እርባታው አለ። ስፓኒሽ ሦስት ብቻ ነው፤ በአር፣ በኤር እና በኢር የሚጨርስ። ወጣ ያሉ ግሶች አሉት፣ አዎ። ግን ሰው በስፓኒሽ እርባታ ሲያማርር እገረማለሁ።

ኤፍኤስአይ ለኔ እንደ ቤቴ ነው። መሪው ይላል፣ አንተ ትለዋለህ። ከዚያ አንዷን ቃል ይለውጥብሃል። “እኔ” የነበረውን “እነሱ” ያደርገዋል፤ አንተ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ለውጠህ ትመልሳለህ። ደግሞ ይለውጣል። አእምሮ ሳያስብ አፍ እስኪመልስ ድረስ ነው። መሠረታዊው ኮርስ 55 ክፍል ነው፣ በአራት ቅጽ። የመንግሥት ሥራ ስለሆነ በነፃ ይገኛል። ድምፁ ያረጀ ነው፣ ይንሻጠጣል። ንግግሩም የኤምባሲ ሰው ንግግር ነው። ለኔ ግን ትልቁ ነገር አንዴ ካወረድከው ኔት አይፈልግም። ኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ የብዙ ሰው መተግበሪያ ቆሞ ነበር፣ የኔ ሚሞሪ ካርድ ግን ይሠራ ነበር።

ደግሞ አትፍሩ። ኮርሱን ያዘጋጀው ተቋም ለስፓኒሽ ከ600 እስከ 750 የክፍል ሰዓት ይመድባል። ለአማርኛ 1100 ሰዓት ነው። እኛ ከባዱን ይዘን ነው የተወለድነው።

እንጅባራ07

ቁጥሩን አታጣም ወንድምዓለም። ያ ሰዓት እንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው የተሰላ ነው። እኛ በሁለተኛ ቋንቋ በኩል ዞረን ነው ሦስተኛውን የምንማረው። ያም ላይ እነሱ ክፍል ገብተው፣ በአስተማሪ፣ ሥራቸው እሱ ሆኖ ነው።

ባይሆን የኔን ምርጫ ልናገር፣ አንዱን ያዝ ስል የትኛውን እንደሆነ ስላልነገርኳችሁ። ድሪሚንግ ስፓኒሽ ነው። ቪዲዮ ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ስፓኒሽ ብቻ ነው። ሰውየው እየሳለ፣ እያሳየ፣ በእጁ እየጠቆመ በዝግታ ያወራል። የፍኖቷ ያለችው የእንግሊዝኛ ችግር እዚህ የለም። ሰዋስው የለ፣ ካርድ የለ። ትሰማለህ፣ ይገባሃል፣ በቃ።

የዋሸራው

እነሱ ራሳቸው እስከ 1500 ሰዓት መስማት ነው የሚሉት እኮ። ጣናዳር እንግዳው ጀልባ ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነው።

እንጅባራ07

መስማቱ ካርድ ስታገላብጥ ከመዋል ይሻላል። አንተ የምትለው ሰው ግስ ያረባል፣ ሰው ሲያናግረው ግን አይሰማም። ቅኔ ቤት ያወጣቸው ሊቃውንት ግዕዝ ገበያ ወጥተው ይገበያዩበታል?

የዋሸራው

ገበያ ባይወጡበትም ቅኔ ይቀኙበታል። አንተ በሰማኸው ስንት ቅኔ ተቀኘህ?

የፍኖቷ

ተዉ እንጂ! ሁለታችሁም የምትሉት ለተለያየ ቀን ነው። ጠዋት አፍ፣ ማታ ጆሮ። ደግሞ እንጅባራ፣ ቪዲዮውን በሞባይል ዳታ ማየት ኪስ ያራቁታል። ዋይፋይ ካገኘ ያውርድ፣ ካላገኘ በድምፅ ብቻ የሚሰሙ ለጀማሪ የተሠሩ ፖድካስቶች አሉ። ጣናዳር ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለም። ነገ እንግዳ አለበት።

ሞጣዬ

እኔ ለትምህርት ዕድል ነው የምማረው። የዱኦሊንጎው ነገር እንደ ሰርተፍኬት ይቆጠራል?

የፍኖቷ

አይቆጠርም። የሚታወቀው ዴሌ ነው። የስፔኑ ኢንስቲቱቶ ሰርቫንቴስ የሚሰጠው፣ ከኤ1 እስከ ሲ2 ያለ ፈተና ነው፤ ዘመን አያልፍበትም። ሲዬሌ የሚባል ሌላም አለ፣ እሱ ለ5 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ስለሱ ሌላ ክር ክፈችና እናውራ።

ደሴቱ (ደብረ ማርቆስ)

ልጆቼ፣ ስታወሩ ከዳር ሆኜ ሳነብ ነበር። እኔ ስፓኒሽን የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደሚባለው የኩባ ደሴት ለትምህርት ከሄዱት በሺዎች ከሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች አንዱ ነኝ። እናንተ የምትሉት ኮርስ አንዱም አልነበረም። ነገር ግን ሁሉም ነበር። ክፍል ውስጥ እርባታ እናጠና ነበር፣ እንደ ዋሸራው። ሜዳ ላይ ስንጫወት እንሰማ ነበር፣ እንደ እንጅባራው። ሎሚና ብርቱካን ስንለቅም ከኩባዎቹ ልጆች ጋር እንሰዳደብ ነበር። ስድቡ ቶሎ ነው የገባን።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። አገሩ ብዙ ነው፣ ስፓኒሹም ብዙ ነው። ከአፍሪካ እንኳ ኢኳቶሪያል ጊኒ ስፓኒሽ የሥራ ቋንቋዋ ነው። እኛ ኩባ የለመድነው የቃሉን መጨረሻ “ስ” የሚውጥ ነው። አውቶቡስ “ጓጓ” ነው። “ኮሄር” ያልነው “መያዝ” ነው፣ ጓጓ እንይዝበታለን። ይህችኑ ቃል ሜክሲኮ ወይም አርጀንቲና ብትላት ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። ነውር ናት። እኛም ደግሞ የራሳችን አለን። ኩባ ውስጥ ፓፓያ ፓፓያ አይባልም፣ “ፍሩታ ቦምባ” ነው የሚባለው። ምክንያቱን አልናገርም፣ ልጆች ያነባሉ። ጣናዳር፣ የኩባ እንግዳ ከመጣብህ የፓፓያ ጁስ ልዘዝልሽ ወይ ብለህ በስሙ እንዳትጠይቃት።

ጣናዳር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባሕር ዳር ጁስ ቤት ሁሉ ፓፓያ ነው፣ ምን ልሆን ነበር። የኔ እንግዶች ግን አብዛኞቹ ከስፔን ናቸው። ፒምስለሩ የላቲን አሜሪካ ነው፣ ኤፍኤስአይም እንደዚያው። ይቸግረኛል ይሉኛል?

ደሴቱ

አይቸግርህም ልጄ። ይሰሙሃል። ስፔኖቹ “ግራሲያስ” ሲሉ መሀሉን ምላሳቸውን በጥርስ መሀል አድርገው ነው፤ አንተ በ“ስ” በላት፣ ማንም አይታዘብህም። “ቦሶትሮስ” የሚሏትን ግን በጆሮህ ልመዳት። እነሱ እርስ በርሳቸው “እናንተ” የሚሉባት ናት፣ ላቲን አሜሪካ አትነገርም። ኮርሶችህ አያስተምሩህም ይሆናል። ለመናገር አታስፈልግህም፤ እነሱ ሲያወሩ እንዳትጠፋብህ ነው። አንተ ብዙ ሰው ስታናግር “ኡስቴዴስ” በል፤ እንዲያውም አስጎብኚ ነህ፣ አክብሮቱ ያምርብሃል።

አቸፈር

ጣናዳር፣ ለስፔን እንግዶችህ ፔድሮ ፓኤዝን አትርሳ። ሰከላ ሄዶ ጊሽ ዓባይን በ1618 ያገኘው ስፔናዊ ነው። መጽሐፍም ጽፏል። ስፓኒሽ ስትችል በስፓኒሹ ታነበዋለህ።

የዋሸራው

ሁለት ነገር። “አገኘው” አትበል፣ የሰከላ ሰው ከእሱ በፊትም ውኃውን ይጠጣው ነበር። አየው በል፣ ያውም ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ። ሁለተኛ፣ ሰውየው ስፔናዊ ቢሆንም የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው በፖርቱጋልኛ ነው። ስፓኒሽ የሚያነብ ሰው ግማሹን ያጮልቃል እንጂ ያው አይደለም።

የሚገርመኝ ግን የሱ አማርኛ ነው። ወደዚህ ሲመጣ የመን ላይ ለዓመታት ታስሮ ነበር፤ ዐረብኛ እዚያ ለመደ። እዚህ ደርሶ አማርኛና ግዕዝ ተማረ። መተግበሪያ የለ፣ ካርድ የለ።

የፍኖቷ

አቸፈር ያነሳኸው ነገር ግን ሌላ ሐሳብ ሰጠኝ። ጣናዳር፣ የትኛውም ኮርስ “ታንኳ”ን አያስተምርህም። “ጠበል”ንም፣ “የዘጌ ቡና”ንም አያስተምርህም። ያንተን ኮርስ ራስህ ነህ የምትሠራው። በየቀኑ በእንግሊዝኛ የምትለውን ንግግር ታውቀዋለህ አይደል? ጀልባ ላይ የምትለውን፣ ዑራ በር ላይ የምትለውን፣ ጢስ ዓባይ ስትደርሱ የምትለውን። እያንዳንዱን ቆርጠህ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር በስፓኒሽ ጻፈው። ላጎ፣ ሞናስቴሪዮ፣ ካታራታ፣ ፒንቱራ፤ ቃሉ ብዙ አይደለም። ጋሽ ደሴቱ ፈቃደኛ ከሆኑ ያርሙልሃል። ከዚያ በቃልህ ያዘው። እንግዳ የሚጠይቅህ ጥያቄም ያው ተመሳሳይ ነው፦ ስንት ዓመቱ ነው፣ ማን ሣለው፣ ሴት ይገባል ወይ፣ ጉማሬ አለ ወይ። መልሱን አዘጋጅ።

እንግዲህ ኮርሶቹ ይሄን ንግግር እንድትሠራበት የሚረዱህ ናቸው። ግስ ሲያጥርህ ኤፍኤስአይ ክፈት። የሰው መልስ ሳይገባህ ሲቀር ማታ የእንጅባራውን ቪዲዮ ስማ። እንዲህ ካየኸው የትኛው እንደሚያስፈልግህ ሥራህ ራሱ ይነግርሃል። ዱኦሊንጎን እንደሆነ ባጃጅ ስትጠብቅ ነካ ነካ አድርገው፣ ብዙ አትጠብቅበት።

ደሴቱ

በደስታ አርማለሁ። ግን በጽሑፍ ብቻ አይሆንም፣ በድምፅ ላክልኝ። የጻፍከው ትክክል ሆኖ አነጋገርህ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም አለኝ፤ ልጄ ነች የጫነችልኝ።

ጣናዳር

እሺ ጋሼ። እንግዲህ እንዲህ ላድርግ። ላንጉጅ ትራንስፈርን እጨርሳለሁ፣ እሱ ዋናው ነው። ሲያልቅ ኤፍኤስአይ ቦታውን ይረከባል። ፒምስለርን ጠዋት ጣና ዳር ስሄድ እየመለስኩ እሰማለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ካለ ሰው ስልክ የማወራ ነው የሚመስለው። የዑራውን ንግግር ደግሞ ዛሬ ማታ መጻፍ እጀምራለሁ። እንጅባራ፣ ቪዲዮውን እንዳትቀየመኝ፣ ዋይፋይ ሳገኝ አወርዳለሁ።

እንጅባራ07

አልቀየምም። ግን “ሱፐር ቢጊነር” ከሚለው ጀምር፤ ቀላል ነው ብለህ አትዝለለው። የወረደ ካለኝም በፍላሽ እሰጥሃለሁ፣ ባሕር ዳር በቅርቡ እመጣለሁ።

ቆሎ

የድምፅ ስብሰባ ካለ እኔም እገባለሁ። ደብተሬን ወደ ላቲን እየገለበጥኩ ነው።

የፍኖቷ

ቅዳሜ ማታ ይሁን? በቴሌግራም ድምፅ፣ ጋሽ ደሴቱ እያዳመጡን። አማርኛ የተናገረ ካርድ ይሞላል።

ደሴቱ

ይሁን። ከ3 ሰዓት በኋላ አድርጉት እንጂ፤ ከዚያ በፊት ማርቆስ ኔቱ አይረባም።